የባሌን አያት ሕይወት በመጽሐፍ ያወጣልን አገልግሎት፣ ገንዘቡ ያዋጣል ወይ?

ለቸኮለ ሰው መልሱን ላስቀድም፣ ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ህትመቱ አሪፍ ነው፣ ሰዎቹም ስትደውሉላቸው ያነሳሉ፣ ግን የሚልኳቸው ጥያቄዎች ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰራ ለኖረች የገበሬ ሴት የተሰሩ አይደሉም፣ እንደመጡ ከተቀበላችኋቸው የሚወጣላችሁ ባዶ መጽሐፍ ነው። የኛ የተረፈው ጥያቄዎቹን ስለቀየርናቸው ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

አገልግሎቱን ለማታውቁት፣ አሜሪካ ውስጥ አሁን በጣም የተለመደ ነገር ሆኗል፣ ለእናት ወይ ለአያት የገና ስጦታ ብለው ይገዙታል። በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ በኢሜይል ይመጣል፣ አዛውንቱ መልሱን ይጽፋሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅ መልሱ በሙሉ ከነፎቶው ተሰብስቦ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ሆኖ ቤት ድረስ ይመጣል። ርካሹ ፓኬጅ ይሄ ነው። በውዱ ፓኬጅ ደግሞ ሰው በስልክ ደውሎ ያናግራቸዋል፣ ድምፁ ይቀዳል፣ በኮምፒውተር ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል፣ ከዛ ኤዲተር ያየዋል። እኛ በርካሹ ጀምረን መሀል ላይ ወደ ውዱ ስለተሻገርን ሁለቱንም ቀምሰነዋል። የድርጅቱን ስም የማልጠራው ይሄን የሚሰሩት ብዙ ስለሆኑና አሰራራቸውም ብዙ ስለማይለያይ ነው።

መጽሐፉ የማን እንደሆነ ካላወቃችሁ ግን የምለው ነገር አይገባችሁም። የባሌ አያት ናቸው፣ እኔ እማማ ነበር የምላቸው፣ እሳቸውም ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቁ አቤት ይሉኝ ነበር። ካንሳስ መሀል ላይ፣ ኒውተንና ሂልስቦሮ መካከል ባለው የስንዴ አገር በ1928 ተወለዱ፣ እዛው አገቡ፣ እዛው ወለዱ፣ 96 ዓመታቸው ላይ እዛው አረፉ። ግማሹ ሕይወታቸው እርሻ ነው፣ ግማሹ የትምህርት ቤት ኪችን፣ እሱም ከሠላሳ ዓመት በላይ። ሜኖናይት ናቸው፣ ማለት መሣሪያ አንይዝም ከሚሉት ፕሮቴስታንቶች። የኛ ሰው ሜኖናይት ሲባል መሠረተ ክርስቶስ ነው የሚታየው፣ ልክ ነው፣ ቤተክርስቲያኗ ከሜኖናይት ሚሲዮኖች ሥራ ነው የተነሳችው፣ ዛሬ ደግሞ በዓለም ካሉት የሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት ትልቋ ሆናለች። እማማ ኢትዮጵያዊት መሆኔን እንደሰሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ ደርግ በ1982 ቤተክርስቲያኗን ሲዘጋ ሰዎቹ በየቤቱ ተደብቀው እንዴት ይሰበሰቡ እንደነበር ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ ብዬ ከእሳቸው ያነሰ የማውቅ መሆኔን ለማስረዳት የሄድኩበት መንገድ እስካሁን ቤተሰቡ ውስጥ ይሳቅበታል።

ደግሞ መኪና የማይነዱት አሚሽ የሚባሉት አይደሉም፣ ይሄን ሁሉም ሰው ያምታታዋል። የፈረስ ጋሪ የለም፣ እማማ ፒክአፕ ነበር የሚነዱት፣ እሱንም በፍጥነት። የእሳቸው ወገን በ1874 ከደቡብ ሩሲያ፣ ማለት ከዛሬው ዩክሬን የመጣው ነው፣ ዛሩ ከወታደር አገልግሎት ነፃ ያደርጋቸው የነበረውን መብት ሲያነሳባቸው መንደር በሙሉ ተነስቶ ነው የወጣው፣ የሳንታ ፌ ባቡር ኩባንያ ደግሞ ካንሳስ ውስጥ መሬት ሸጠላቸው። በመከር ተዘርቶ ክረምቱን በረዶ ስር ከርሞ በሰኔ የሚታጨደውን ቱርኪ ሬድ የሚባለውን ስንዴ ይዘው መጡ፣ ካንሳስ የስንዴ አገር የሆነው በእሱ ነው።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥያቄዎች እነዚህን ይመስላሉ፦ በልጅነትዎ የሚያደንቁት ዝነኛ ሰው ማን ነበር? እስከዛሬ ከሄዱባቸው የዕረፍት ጉዞዎች የትኛውን ይመርጣሉ? በሕይወትዎ በጣም የሚኮሩበት ስኬት ምንድነው? እማማ ኢሜይል ስለሌላቸው የባሌ እህት ጥያቄውን በትልልቅ ፊደል እያተመች ትወስድላቸዋለች፣ እሳቸው ደግሞ የተሰጣቸውን ነጭ ወረቀት ትተው የመብራት ሂሳብ በመጣበት ፖስታ ጀርባ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ፣ ንፁህ ወረቀት ለዚህ አይባክንም። የዝነኛ ሰው መልስ፦ «አናውቅም ነበር።» የዕረፍት ጉዞ፦ «ላሞች ነበሩን።» የሚኮሩበት ስኬት የሚለው ላይ መልስ የለም፣ ጥያቄው ራሱ በአንድ መስመር ተሰርዟል።

ይሄ ኩርፊያ እንዳይመስላችሁ። ራስን ከፍ አድርጎ ማውራት በእነሱ ቤት ነውር ነው፣ ልጅ ሆነው በጀርመንኛ የተማሩት ትሕትና ነው፣ 90 ዓመት አልፏቸው አንድ ኢሜይል አያስለቅቃቸውም። ጥያቄውን ያወጣው ሰው ሕይወት ማለት ሽልማት፣ ጉዞ፣ ፍቅር፣ «ያለፍኩት ፈተና» ብሎ ነው የሚያስበው። እንደዛ የኖረ ሰው ይኖራል፣ ይሰራለት። ለእማማ ግን አልሆነም፣ ሦስት ወር ሙሉ የተሰበሰበው መልስ አንድ ገጽ አይሞላም ነበር።

ስለዚህ ወደ ስልኩ ፓኬጅ አሳደግን፣ ብዙ መቶ ዶላር ነው ልዩነቱ። የምትደውለዋ ልጅ ጨዋ ናት፣ ድምጿ ጥሩ ነው፣ ቀጠሮ ታከብራለች፣ እሱን አልክድም። ግን የያዘችው ያንኑ ጥያቄ ነው፣ መጨረሻው ላይ «ያኔ ምን ተሰማዎት?» የሚል ጨምራበት። እማማ ደግሞ ዝም ሲሉ ረጅም ነው ዝምታቸው፣ እያሰቡ ነው፣ ልጅቷ ግን መስመሩ የተቋረጠ ይመስላትና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። በዚህ ምክንያት የጠፋውን አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ስለ ባለቤታቸው ስትጠይቃቸው በጦርነቱ ጊዜ ካምፕ ውስጥ እንደነበሩ ተናገሩ፣ ልጅቷ «ወታደር ነበሩ ማለት ነው፣ ስለ አገልግሎታቸው እናመሰግናለን» ብላ አለፈች። እማማ ዝም አሉ። ሰውየው ወታደር አይደሉም፣ አለመሆናቸው ነው ታሪኩ! ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ መሣሪያ አንይዝም ላሉ ሰዎች ከ1941 እስከ 1947 የቆየ ሲቪሊያን ፐብሊክ ሰርቪስ የሚባል ነገር ነበር፣ 12,000 ገደማ ወንዶች ገብተውበታል፣ ከነሱ ከ4,600 በላይ ሜኖናይቶች ናቸው፣ ደን ይተክላሉ፣ አፈር ይጠብቃሉ፣ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ያጥባሉ፣ ደመወዝ ግን የለም፣ የካምፑን ወጪ እንኳን ቤተክርስቲያኖቹ ናቸው የሚሸፍኑት። የእማማ እጮኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነው የደረሳቸው፣ የጻፉላቸው ደብዳቤዎች ጫማ ካርቶን ውስጥ አሉ፣ እማማ ያኔ ገና ሃያ አልሞላቸውም፣ ከሰፈር አንዳንዱ ሰው ደግሞ ፈሪ ብሎ ፊቱን ያዞርባቸው ነበር። እንደውም ከዛ በፊት በአንደኛው ጦርነት፣ 1918 አካባቢ፣ ካንሳስ ውስጥ የጦር ቦንድ አንገዛም ያሉ ሜኖናይቶች ቤት ላይ ቢጫ ቀለም ይደፋ ነበር፣ እማማ ይሄን ከእናታቸው ሰምተው ነው ያደጉት። ይሄ ሁሉ በዛች የስልክ ጥሪ ላይ ሊወጣ ሲል ተመልሶ ገባ። ጠያቂዎቻችሁን ከመመደባችሁ በፊት ስለሰውየው አንድ ገጽ አስነብቧቸው ብዬ ጽፌላቸዋለሁ፣ አመስግነው መልሰዋል፣ አሰራራቸውን ይቀይሩት አይቀይሩት አላውቅም።

አገልግሎቱን ከሁለት ኮከብ ያወጣው አንድ ነገር አለ፣ የራስን ጥያቄ ማስገባት ይፈቅዳል። ሴቲንጉ ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው፣ ሲሸጡላችሁ አይነግሯችሁም፣ ግን አለ። የባሌ እህት የእማማን የምግብ ካርዶች ሳጥንና ማስታወሻዎቻቸውን አውርዳ ከእነሱ ላይ ጥያቄ መጻፍ ጀመረች። ማስታወሻው በየቀኑ አራትና አምስት መስመር ብቻ የሚጻፍበት፣ በአንድ ገጽ ላይ አምስት ዓመት አብሮ የሚታይበት አይነት ነው፣ እማማ ከጋብቻቸው ጀምሮ አላቋረጡም። የሚጽፉትም፦ «ነፋስ። 14 ደርዘን እንቁላል። ልብስ አጠብኩ፣ አልደረቀም።» ስሜት የሚባል ነገር የለበትም። ግን ከሱ ተነስተሽ «እንቁላሉን የት ነበር የሚወስዱት?» ብለሽ ስትጠይቂ የማያልቅ ወሬ ነው የሚከፈተው። እንቁላልና ክሬም የሴቷ ገቢ ነበር፣ ቅዳሜ ወደ ከተማ ተወስዶ ይሸጣል፣ በሱ ስኳር፣ ቡናና ጨርቅ ይገዛል፣ የስንዴው ገንዘብ ለመሬትና ለማሽን ነው፣ ቤቱ የሚበላው ግን ከዶሮዎቹ ነው። የዶሮ መኖ የሚመጣበት ጆንያ አበባ ያለበት ጨርቅ ስለሆነ ልብስ ይሰፋበታል፣ ባልየው መኖ ሊገዛ ሲሄድ ሁለት ተመሳሳይ ጆንያ ይዞ እንዲመጣ ትእዛዝ አለው፣ አንድ ጆንያ ለቀሚስ አይበቃማ።

በ1930ዎቹ ድርቅ ገብቶ ነፋስ የእርሻውን አፈር እያነሳ አገሩን ስለሸፈነው አቧራ የስልኳ ልጅ «አስፈሪ ነበር?» ስትል «አዎ» ብለው ነበር የጨረሱት። እኛ «ምግብ ስታቀርቡ ሳህን እንዴት ነበር የምታስቀምጡት?» አልናቸው። ተደፍቶ ነዋ! ሳህንና ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ይቀመጣል፣ የሚቃናው ምግቡ ድስት ውስጥ እያለ ፀሎት ተደርጎ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ነው፣ መስኮቱ ላይ እርጥብ አንሶላ ይሰቀላል፣ ማታ ሲነሳ ጭቃ ሆኗል፣ ጠዋት ትራሱ ላይ ጭንቅላታቸው ያረፈበት ቦታ ብቻ ነጭ ነው። ኤፕሪል 14, 1935 ብላክ ሰንዴይ የሚባለው ትልቁ የአቧራ ማዕበል የመጣ ቀን የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ፣ ዶሮዎቹ መሸ ብለው ወደ ቤታቸው እንደገቡ ያስታውሳሉ። ይሄ ሁሉ ስለ ሳህን ከተጠየቀ አንድ ጥያቄ የወጣ ነው።

ከመጽሐፉ ለኔ ምርጡ ምዕራፍ ግን የትምህርት ቤቱ ኪችን ነው፣ ርካሹ ፓኬጅ ላይ «የመጀመሪያ ሥራዎ ምን ነበር?» የሚል ደረቅ ጥያቄ ብቻ ነበር ያለው። እማማ ኪችን የገቡት በ1959 ነው፣ የዛን ዓመት በረዶ ማሳቸውን አጨዳ ሲደርስ መታው፣ የባንክ ዕዳ አለ፣ ልጆች አሉ። ለምን ኪችን? ካላንደሩን እዩት። ትምህርት ቤት በሜይ መጨረሻ ይዘጋል፣ የስንዴው አጨዳ በሰኔ ይገባል፣ ጁላይ ማሳው ይታረሳል፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት እሳቸው ይመለሳሉ፣ ባልየው ደግሞ በመከር ይዘራሉ። ከዛ ውጪ ያለ ደመወዝተኛ ሥራ ለገበሬ ሚስት አይሆንም ነበር። እዛ አገር ስንት ሴት እንደሳቸው ኪችን፣ ጽዳት ወይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ እየሰራች የእርሻውን ዕዳ እንደከፈለች ማን ቆጠረ፣ ማሳው የሚጠራው ግን በወንዱ ስም ነው።

ሕጉ የመጣው በ1946 ነው፣ ፕሬዝዳንት ትሩማን የፈረመው የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ፣ ድጎማውን ለማግኘት ትሪው ላይ መኖር ያለበት ነገር የተወሰነ ነበር። ታይፕ ኤ ይሉታል፦ ግማሽ ፓይንት ወተት፣ 2 አውንስ ሥጋ ወይ ሌላ ፕሮቲን፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ዳቦ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቅቤ። እማማ ይሄንን 90 ካለፋቸው በኋላ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያወርዱት ነበር፣ ቀረጻው ላይ አለ። ኪችኑን የሚከፍቱት ከጠዋቱ ፈረንጅ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ መጀመሪያ እርሾው፣ ከዛ ምድጃው፣ ከዛ ቡና ለራስ። ዳቦው በሙሉ እዛው ነው የሚጋገረው። መንግሥት ገበሬው ያልሸጠውን ገዝቶ ለትምህርት ቤቶች ያድላል፣ ስለዚህ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ አይታወቅም፣ አንዴ የኦቾሎኒ ቅቤ በትልልቅ ቆርቆሮ፣ አንዴ ቺዝ፣ አንዴ የማያልቅ ዘቢብ፣ እና ሜኑው የሚወጣው ስቶር ውስጥ ያለውን አይቶ ነው። ዘቢብ በብዛት የመጣ ዓመት ልጆቹ ምን እንደበሉ መጽሐፉ ላይ ሁለት ገጽ አለ፣ በሳቅ ነው ያነበብኩት።

ካንሳስ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያወራላችሁ አንድ ምሳ አለ፣ ቺሊ ከሲናመን ሮል ጋር። ቅመም ያለው የሥጋና የባቄላ ወጥ፣ አጠገቡ ስኳርና ቀረፋ ያለበት ጥቅል ዳቦ፣ አንዳንዱ ልጅ ዳቦውን ቺሊው ውስጥ ይነክረዋል። እኔ መጀመሪያ ሳይ ትሪ ላይ ስህተት የተፈጠረ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ቤቴ ውስጥ በክረምት አይጠፋም። የእማማ ካርድ ላይ ያለው ልክ ግን ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ነው፣ ዱቄቱ በፓውንድ፣ እንቁላሉ በደርዘን፣ እና ለስድስት ሰው ይቀንሱልን ሲባሉ «ለስድስት ሰው ሠርቼ አላውቅም» አሉ። ኤዲተሩ ራሱ ሊቀንሰው ሞክሮ ጨው ላይ ስቷል፣ እንደዛው ለመጀመሪያው ህትመት ሊሄድ ሲል የባሌ እህት ናት ያየችው፣ ስለዚህ መጽሐፋችሁ ውስጥ የምግብ አሰራር ካለ ሠርታችሁ ቅመሱት ከማተማችሁ በፊት። ቢሮክ የሚባለውም አለ፣ ጎመንና የተፈጨ ሥጋ በዳቦ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር፣ ከሩሲያ ጀርመኖች የመጣ፣ እሱም ትምህርት ቤት ይቀርብ ነበር።

በ1963 ካንሳስ ትንንሽ ትምህርት ቤቶችን የሚያዋህድ ሕግ አወጣች፣ እማማ ልጅ ሆነው የተማሩበት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ግን ከዛም በፊት ተዘግቶ የጎረቤት እህል ማስቀመጫ ሆኗል። ውህደቱ ኪችኑን አሳደገው፣ ልጅ በዛ፣ ማሽን መጣ፣ ቆይቶ ደግሞ ተሠርቶ የበረደ ምግብ በካርቶን መምጣት ጀመረ፣ እማማ ይሄን የሚገልጹበት ቃል ማተም አይቻልም ባይባልም ቤተክርስቲያን ውስጥ አይነገርም። በሕይወታቸው ለኮንግረስ ሰው ደብዳቤ የጻፉት ስለ ኪችን ጉዳይ ነው፣ በ1981 የሬገን መንግሥት የምሳውን በጀት ሲቆርጥ ኬቻፕን እንደ አትክልት ለማስቆጠር የሚያስችል ደንብ ቀርቦ አገር ተሳለቀበት፣ ደንቡም ወዲያው ተሰረዘ። የደብዳቤው ኮፒ መጽሐፉ ውስጥ ገብቷል። አጭር ነው፣ ጨዋ ነው፣ እና ቲማቲም ምን እንደሆነ ያስረዳል።

ስለ ገልባጩ ኮምፒውተር። እንግሊዝኛው ላይ ጎበዝ ነው፣ የእማማ ቤት ግን በፕላውትዲች፣ ማለት በሜኖናይቶቹ ዝቅተኛ ጀርመንኛ ተሞልቷል፣ እዛ ጋ ወደቀ። ቬሬኒኬ የሚባል አይብ ውስጡ ያለ የተቀቀለ ሊጥ አለ፣ በአሳማ ሥጋ መረቅ ነው የሚበላው፣ መጀመሪያ የመጣልን ረቂቅ ላይ እማማ ቬሮኒካ የምትባል ሴት በመረቅ እንደበሉ ተጽፏል። የእሁድ ከሰዓቱ ቀላል ማዕድ ፋስፓ፣ ቅዳሜ የሚጋገረው ድርብ ዳቦ ዝቪባክ፣ ሁሉም ተበላሽቶ ነው የመጣው። ማስተካከል ይቻላል፣ ግን በእጅ፣ አንድ በአንድ፣ የሳምንት ሥራ ነው። ወላጆቻችሁ ቋንቋ የሚቀላቅሉ ከሆነ፣ ማን አይቀላቅልም፣ ይሄን አስቡበት።

ከዚህ የባሰው ግን ኤዲተሩ ነው፣ ግማሽ ኮከብ የቀነስኩት በሱ ምክንያት ነው። እማማ «ነፋስ ነበር» ያሉትን «ርኅራኄ የለሹ የሜዳው ነፋስ ያፏጭ ነበር» አደረገው። ሰው ሠራው ማሽን ሠራው አይታወቅም፣ ምዕራፉ በሙሉ እንደዛ ተቀብቷል። ሽፋኑ ላይ ደግሞ «ድንቅ ሴት» የሚል ርዕስ ለጥፎበታል። ረቂቁን ለእማማ ስናሳያቸው እርሳሳቸውን አነሱ። ርዕሱን ሰረዙ፣ ነፋሱን ሰረዙ፣ ስለ በረዶው የሚያለቅሰውን አንቀጽ ሙሉውን ሰርዘው ዳር ላይ «ጎረቤቶቻችንን ይበልጥ ነበር የመታቸው» ብለው ጻፉ። ለድርጅቱ ስካን አድርገን ላክንላቸው፣ ያለ ክርክር እንደነበረው መለሱት፣ ተጨማሪ ገንዘብም አልጠየቁም፣ በዚህ አከብራቸዋለሁ። ርዕሱ አሁን ስማቸውና ማሳው በመሬት መዝገብ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር ብቻ ነው።

ፎቶና ወረቀት ላይ ምንም አልልም፣ ንጹህ ሥራ ነው። የካምፑን ደብዳቤዎች በትክክለኛ ቀለማቸው አወጧቸው፣ በአራት እጥፍ የታጠፈው መስመር ሳይቀር ይታያል። ማስታወሻውም እንዳለ ገብቷል፣ ማርች 13, 1990 አውሎ ነፋስ እዛው አካባቢ ያለችውን ሄስተን የምትባል ከተማ የመታበት ቀን ላይ «ሄስተን ተመታ። ነገ ሊጥ በእጥፍ» ይላል። ገጹን ሳይ የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው፣ አደጋ ሲደርስ ሄደው ቤት የሚሠሩት የሜኖናይት በጎ ፈቃደኞች ድርጅት በ1950 የተጀመረው እዛው ሄስተን ነው፣ 40 ዓመት የሌላ ሰው ቤት ሲሠሩ ኖረው ያኔ ተራው የነሱ ሆነ። እማማ ከሥራ መልስ እዛ ነበሩ፣ ለቆርቆሮ ለቃሚው ዳቦ ይዘው። ስለዚህ ቀን ምን ብለው እንደሚያስቡ የጠየቃቸው የለም፣ ስንት ዳቦ እንደጋገሩ ግን እኛ ጠይቀናል፣ መልሱ አለ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ያለው ጊዜ መጽሐፉ ውስጥ አጭር ነው፣ ሠላሳ ዓመት በሃያ ገጽ። ብርድ ልብስ ሰፉ፣ ለዕርዳታ የሚላክ፣ ጣታቸው እምቢ እስኪል ድረስ። የሜኖናይት ማዕከላዊ ኮሚቴ የሚባለው የእርዳታ ድርጅታቸው በ1946 የጀመረው ተንቀሳቃሽ የሥጋ ማሸጊያ መኪና ሰፈራቸው ሲመጣ ቆርቆሮ ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ፣ ይሄንንም ይተዉ ብሎ የነገራቸው ሰው የለም፣ በዊልቸር ሄደው ለጥፈዋል።

መጽሐፉ በእጃቸው ደርሷል፣ ያዩት ከመሞታቸው ጥቂት ወራት በፊት ነው፣ ወረቀቱ በጣም ውድ አይደለም ወይ ነበር ያሉት። ቀብራቸው ላይ ቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ እንደ ደንቡ ዝቪባክ፣ ቺዝ፣ ስኳር በድብልብሉና ቡና ሲቀርብ መጽሐፉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ እና ከቤተሰቡ ይልቅ የድሮ ተማሪዎች ነበሩ የሚያገላብጡት፣ አሁን የራሳቸው ልጅ ልጅ ያላቸው ሰዎች የዘቢቡን ዓመት ገጽ እየፈለጉ። ተጨማሪ ኮፒ የተጠየቀው እዛ ነው፣ እና እዛ ጋ ነው ገንዘቡ የሚበዛው። የመጀመሪያው አንድ መጽሐፍ ፓኬጁ ውስጥ አለ፣ ከዛ በኋላ እያንዳንዱ ይከፈልበታል፣ በቀለም ከሆነ ደግሞ በገጽ ብዛት ይጨምራል፣ የኛ ደግሞ ወፍራም ነው። ቤተሰባችሁ ትልቅ ከሆነ አስቀድማችሁ ሰው ቁጠሩ፣ በአንድ ላይ ሲታዘዝ ይቀንሳል።

ግዙ ወይስ አትግዙ? ወላጆቻችሁ ማውራት የሚወዱ፣ ስለራሳቸው የሚተርኩ ከሆኑ ርካሹ ፓኬጅ ይበቃል፣ ውዱ አያስፈልግም። እንደ እማማ አይነት ከሆኑ ደግሞ ርካሹን ግዙና የድርጅቱን ጥያቄዎች በሙሉ አጥፍታችሁ የራሳችሁን አስገቡ፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ ዕቃ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዳቦ፣ ስልክ ደዋይዋንም ተዉት፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ አተር እየፈለፈላችሁ ስልካችሁ ላይ ቅዱ፣ ፋይሉን እነሱ ጋ መጫን ይቻላል፣ ከማንኛውም ስልክ ይቀበላሉ። ዝም ሲሉ ጠብቁ። እኛ ውዱን ፓኬጅ በድጋሚ አንገዛውም፣ ርካሹን ግን ለአማቴ አሁን አዘናል፣ እሷ ደግሞ ታወራለች፣ ችግሩ ማስቆም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ መጽሐፉ ውስጥ ድምፃቸውን ለመስማት በስልክ የሚነሳ ኮድ ታትሟል፣ ድምፁ ያለው ግን ድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነው፣ ክፍያው ሲቆም ምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆዩት ውሉ ላይ በግልፅ አልተጻፈም። የድምፁን ፋይልና የመጽሐፉን ፒዲኤፍ ዓመቱ ሳያልቅ አውርዱት፣ አካውንቱ አንዴ ከተቆለፈ ማውረጃው ቁልፍ አይታይም፣ እኛ ደውለን ነው ያስከፈትነው።